ሰኔ ላይ ችግኝ የገዛሁባቸው ሁለት ቦታዎች፣ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን የችግኝ መሸጫ ሪቪው በገዙ ማግስት ቢጽፉት ምን ይጠቅማል? በገዛችሁበት ቀንማ ሁሉም ያምራል፣ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ። እኔ የገዛሁት ሰኔ 2016 ነው፣ አሁን መስከረም 2018 ነው፣ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ጠብቄ ማን ቆመ ማን ወደቀ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። የቦታዎቹን ስም አልጠራም፣ አንደኛው ላይ ብዙ ስለማማርር ነገር አልፈልግም፣ ሁለተኛው ደግሞ ስምም ታፔላም የለውም።

መጀመሪያ ግቢው። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው፣ ማለትም ጥቁር አፈር። ቤቱ ከተሰራ በኋላ የተረፈችው መሬት 80 ካሬ ብትሆን ነው፣ እሷም ላይ ግማሹ ኮንትራክተሩ ጥሎት የሄደው ገረጋንቲና የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ባሌ ሙሉውን ቴራዞ እናልብሰው ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ ሞቼ እገኛለሁ ያልኩት እንጂ፣ ልጅ እያለን ግቢያችን አፈር ነበር የልጄም አፈር ይሁን ብዬ። እና ክረምት ሳይገባ፣ ዝናቡ ያጠጣልኛል ብዬ፣ ሰኔ 1 ቀን ወጣሁ። ሰኔ 1 ቅዳሜ ነበር የዋለው፣ ግን እኔ ላይ ሰኔና ሰኞ ገጥሞብኝ ነበር በኋላ እንደገባኝ።

የመጀመሪያው ቦታ ትልቅ ነው፣ አስፋልት ዳር፣ በመኪና ስታልፉ ዐይናችሁ የሚገባበት ዓይነት። በአረንጓዴ ኔት የተሸፈነ ረጅም ሼድ አለው፣ መግቢያው ላይ በትልልቅ የሸክላ ፖት ፓልም ደርድረዋል፣ ቦገንቪላው ሐምራዊው ብርቱካናማው ነጩ እሳት የመሰለ ነው፣ ዐይኔ አዋጅ ሆነብኝ። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም ሰው ሁሉ ፓልም ነው የሚጠይቀው፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ እንኳን ሦስት ሰው ፓልም ስንት ነው ብሎ ገባ። መስተንግዷቸው ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም። አንድ ቀልጣፋ ልጅ መጣ፣ «ማዘር ምን ልታዘዝ» አለኝ (ማዘር መባሉ ትንሽ ከንክኖኛል፣ 38 ዓመቴ ነው)፣ ስልኩን አውጥቶ የሰራቸውን የሰው ግቢዎች አሳየኝ፣ ቡና ሁሉ አፍልተው ነበር። የጠየቀኝ ጥያቄ ሁለት ነው፣ ግቢሽ ስንት ካሬ ነው እና በጀትሽ ስንት ነው።

የገዛሁትን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። አራት ቦገንቪላ፣ ስምንት ላቬንደር፣ አስር ሮዝመሪ (እቤት ለጥብስም ይሆነኛል ብዬ)፣ አንድ ከኔ ቁመት በላይ የሆነ ፓልም፣ ሁለት ፋይከስ፣ አንድ አቮካዶ፣ እና አንድ ማንጎ። ማንጎ! ሰሚት ላይ! ልጁ «ቦሌ ላይ ያፈራ አለ» አለኝና አመንኩት። ሣሩንም ከነሱ ነው በካሬ የገዛሁት። ማጓጓዣና የተካይ ጉልበት ጨምሮ ወደ 30 ሺህ ብር ተጠጋ፣ ባሌ እስካሁን 20 ነው የሚመስለው። «ከደረቀ በሦስት ወር ውስጥ እንቀይራለን» ብሎ በቃሉ ነገረኝ፣ ደረሰኙ ላይ ግን አልተጻፈም፣ እኔም ጻፍልኝ አላልኩም።

ያመጡት በክፍት አይሱዙ ነው ምንም ሳያለብሱት፣ እና ሲደርስ የፓልሙ ቅጠል በንፋስ ተበጣጥሶ የተበጠረ ፀጉር መስሎ ነበር። ተካዮቹ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ፈጣኖች ናቸው፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ተክለው ሣሩን አንጥፈው ሄዱ። ግቢዬ ፊልም መሰለ። ጎረቤት እየመጣ አየልኝ።

ከዛ ሐምሌ ገባ።

ጥቁር አፈር ለማያውቅ ሰው ልንገረው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይዘጋል፣ አንዴ ከጠገበ ውሃም አያሳልፍ አየርም አያስገባ። ሥር ደግሞ እንደኛ ይተነፍሳል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ከዓመቱ ዝናብ በጣም የሚበዛበት ጊዜ ነው፣ ፀሐዩም የለም፣ ብርድ ነው። ቦገንቪላ፣ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ ደግሞ ሦስቱም የደረቅ አገር የፀሐይ ልጆች ናቸው፣ እግራቸው ውሃ ውስጥ ከዋለ አይወዱም። እኔ ይሄን ያወቅኩት ላቬንደሬ ከታች ጀምሮ ግራጫ እየሆነ ሲሄድ ነው። አንዱን ነቀልኩት፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ በእጄ ላይ ልጣጩ ተገፈፈ፣ ሽታው የበሰበሰ ጎመን ነው። ነሐሴ አጋማሽ ስምንቱም አለቁ። ሮዝመሪ ከአስሩ ሦስት ተረፈ፣ እነሱም ግድግዳው ሥር የጣሪያው ክዳን ከዝናብ የጋረዳቸው ናቸው። ቦገንቪላው በመጀመሪያው ሳምንት አበባውን አራገፈ፣ ከዛ ቅጠሉን፣ ከዛ እንጨት ሆኖ ቆመ።

ስልክ ደወልኩ። ልጁ በጨዋ ድምፅ «ማዘር ውሃ አብዝተሽበት ይሆናል» አለኝ። ሐምሌ ላይ እኮ ነው! እኔ ነኝ ያበዛሁት ወይስ ሰማዩ? መጥታችሁ እዩ አልኩ፣ እሺ አሉ፣ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ በአካል ሄድኩ፣ የተካይ ስህተት እንጂ የችግኝ ችግር አይደለም አሉኝ። ተካዩስ የማን ነው? «እነሱ የኛ ሰራተኞች አይደሉም፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው»። በቃ እዛ ላይ ተውኩት።

ፓልሙ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አልሞተም ግን አንድ ቅጠል እንኳን አልጨመረም፣ ጥቅምት ላይ ዙሪያውን ስንቆፍር ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ከነላስቲኩ ነው የቀበሩት። ከታች ትንሽ ቀደድ አድርገው። የዛን ቀን ልጄ ፊት የማይባል ነገር ብያለሁ። የሚገርመው ከመሥሪያ ቤት ለአረንጓዴ አሻራ ስንወጣ በየዓመቱ የሚነግሩን የመጀመሪያው ነገር ላስቲኩን ቅደዱ አፈሩን እንዳታፈርሱ ነው፣ እኔ ራሴ ስንቴ እንደሰማሁት፣ ግን ከፍዬ ያሰራሁት ሰው ላይ መቆም አፍሬ ቤት ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ተካይ ስታስገቡ አጠገቡ ቁሙ፣ ይታዘበኛል አትበሉ።

ማንጎው ክረምቱን አልፎ ነበር፣ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር ጨርሶ። ኅዳር መጨረሻ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ጠዋት ስነሳ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሏል።

አሁን ሁለተኛው ቦታ። እዚህ የደረስኩት በእቅድ አይደለም፣ የመጀመሪያው ቦታ በጀቴን ሲጨርሰው ለአጥር የሚሆን ችግኝ ሳልገዛ ቀርቼ ነበር፣ የጎረቤታችን አትክልተኛ «ወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ርካሽ ነው» አለኝና ሰኔ 20 ምናምን ሄድኩ። መኪና አያስገባም፣ ከአስፋልት ወርዳችሁ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ጭቃ ነው። ቦታው በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ መሬት ናት፣ ሼድ የምትባል በእንጨት ላይ የተወጠረች የማዳበሪያ ጆንያ፣ ችግኙ በጥቁር ላስቲክ መደዳውን መሬት ላይ፣ አንዳንዱ በዘይት ጀሪካን። አበባ የሚባል ነገር አይታይም፣ አረንጓዴ ብቻ ነው። ቀድሜ አስፋልት ዳሩን ባላየው ኖሮ እንኳን ዞር ብዬ እሄድ ነበር።

ሽማግሌው ጋሼ ልበላቸው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ተቀምጠው ላስቲክ ውስጥ አፈር እየሞሉ ነበር፣ አልተነሱም። «ቦገንቪላ አለ?» አልኳቸው፣ አራቱን ገዝቼም አንድ ለበሩ መድገም አምሮኝ። ጥያቄዬን ትተው «ቤትሽ የት ነው ልጄ?» አሉኝ። ሰሚት አልኩ። «መሬቱ መረሬ ነዋ፣ ውሃ ይቆማል?» (መረሬ ያሉት ጥቁር አፈሩን ነው) ይቆማል። «ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የቱ ጎን ነው?» እዛ ላይ ተያዝኩ፣ የራሴን ግቢ አላውቀውም። «ሴፕቲክሽ የት ነው? ልጅ አለሽ? ውሻስ?» እንደ ቀበሌ ምዝገባ ነው የሚጠይቁት። ከዛ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ «ቦገንቪላ አልሸጥልሽም፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ላይ ነይ፣ አሁን ብትወስጂው ገድለሽው መጥተሽ እኔን ትረግሚያለሽ።»

እውነቱን ልንገራችሁ ደስ አላለኝም። ገንዘብ ይዤ መጥቼ የሚሸጥ ሰው አልሸጥም ሲለኝ የናቀኝ ነው የመሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይተከላል ብለን ነው የምናስበው፣ እሳቸው ግን ተክልን ለሁለት ይከፍሉታል፣ የሰኔ ተክልና የጥቅምት ተክል ብለው። የሰኔ ተክል ማለት ዝናቡን የሚጠቀምበት፣ አገር በቀል ዛፍ፣ የአጥር ተክል፣ ሣር፣ ውሃ የሚወዱ አበቦች፣ እነዚህ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ሦስት ወር ከምናምን ነፃ ውሃ አግኝተው ሥር ይሰዳሉ፣ በጋ ሲመጣ ራሳቸውን ችለዋል። የጥቅምት ተክል ደግሞ ደረቅ የሚወደው ነው፣ ቦገንቪላ፣ ላቬንደር፣ እሬትና እሬት መሳይ ወፋፍራም ቅጠሎች ሁሉ፣ እነሱን በጥቁር አፈር ክረምት ላይ መትከል እርጥብ ካልሲ አድርጎ እንደመተኛት ነው አሉኝ። ቀይ አፈር ያላችሁ፣ እንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ አካባቢ፣ ዳገት ላይ ስለሆናችሁ ውሃው ይወርድላችኋል፣ ይሄ ሁሉ ስጋት እናንተን ያን ያህል አይመለከትም። ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ አቃቂ ያለን ግን በደንብ ስሙ።

ሌላው ያስተማሩኝ የጉድጓዱ ነገር ነው። እኔ ጥሩ እያደረግኩ መስሎኝ የጫካ አፈር በጆንያ ገዝቼ ጉድጓዱን በሱ ሞልቼ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። «ጀሪካን ነው የቀበርሽለት» አሉ። ዙሪያው ጭቃ ሆኖ መሀሉ ላይ ፈረካሳ አፈር ሲገባ የአካባቢው ውሃ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል፣ የሚወጣበት ግን የለውም። የሳቸው አሰራር፣ ጉድጓዱን ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ መቆፈር፣ የራሱን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መመለስ (ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል)፣ ከመሬቱ ወደ 30 ሳንቲም ከፍ አድርጎ ጉብታ መስራት፣ ችግኙን ጉብታው ላይ ላስቲክ ውስጥ በነበረበት ልክ መትከል፣ ግንዱን አፈር አለማልበስ፣ እና ከጉብታው ወደ መንገድ ቦይ ማውጣት። ቦይዋ ላይ ሬድ አሽ (ቀዩን የግንባታ ጠጠር) በተንኩባት፣ ከቤቱ ሥራ የተረፈ ነበረን። ቁመናው መጀመሪያ መቃብር ይመስላል፣ አማቴ መጥታ ደንግጣለች። በሁለተኛው ክረምት ግን ሣሩ ሸፍኖት አይታወቅም።

ታዲያ ምን ሸጡልኝ? ለአጥር ስልሳ ዱራንታ፣ ቢጫማ ቅጠል ያለው። ሦስት ወይራ። አንድ ግራር ለበሩ ፊት። ካላ ሊሊ፣ ያቺ ነጯ ለሙሽራ የሚይዟት፣ እና ካና፣ ሁለቱም ውሃ የሚቆምበት ጥግ ላይ ይኑሩ ብለው። ጠጅ ሳርና ጤና አዳም በነፃ መረቁልኝ። አጠቃላይ ሂሳቡ አስፋልት ዳር ለፓልሙ ብቻ ከከፈልኩት ያንሳል።

ወይራውን መጀመሪያ አልፈለግኩም፣ ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አጠገቡ ወገቤን የሚደርስ አለ፣ ያንን ስጡኝ አልኩ። ጋሼ ረጅሙን ከመሬት አነሱት፣ ሥሩ በላስቲኩ ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ገብቶ ነበር፣ ሲያነሱት ተበጠሰ። ከዛ ላስቲኩን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፣ ሥሩ ውስጡ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። «ይሄ ላስቲኩ ውስጥ አርጅቷል፣ ብትተክይው ራሱን ያንቃል እንጂ አይሰድም፣ ለማገዶ ነው የሚሆንሽ» አሉ። የራሳቸው ዕቃ እኮ ነው! ከዛ ወዲህ የትም ብሄድ ችግኝ የማየው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ቂጡን አይቼ፣ ግንዱን ነቅነቅ አድርጌ፣ ቅጠሉን ገልብጬ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነፍሳት አለመኖሩን አይቼ ነው ዋጋ የምጠይቀው። አበባ ያለውን ሰኔ ላይ አልገዛም፣ አቅሙን አበባው ላይ ስለጨረሰ ሥር የሚሰድበት የለውም። ኔት ሥር የከረመውንም ቢሆን ጠይቁ፣ ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ጋሼ ለመሸጥ የደረሰውን ከጥላው አውጥተው ሜዳ ላይ ያሰነብቱታል።

ፋይከሱን በተመለከተ፣ አንዱን ከሴፕቲኩ ሁለት ሜትር ላይ ነበር ያስተከልኩት። «ሥሩ ውሃ ፍለጋ የማይገባበት የለም፣ ቱቦውን ሰብሮ ይገባል፣ ዛሬውኑ ንቀይው» አሉኝ፣ ነቅዬ ፖት ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ በረንዳ ላይ ነው አሁን። ኦሊያንደርንም አስጥለውኛል፣ ያ መንገድ አካፋይ ላይ ሮዝ አበባ የሚያወጣው፣ ለጥግ ልገዛው አስቤ ነበር። ቅጠሉም አበባውም ግንዱም መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ግቢ አይገባም። አስፋልት ዳር ያለው ልጅ ይሄን አልነገረኝም፣ ማወቁንም እጠራጠራለሁ፣ እሱ ሻጭ ነው አትክልተኛ አይደለም፣ በዚህ አልፈርድበትም።

ውጤቱ። ከስልሳው ዱራንታ አራት ሞቱ፣ የቀረው አጥሩን አልፎ በወር አንዴ ነው የምንቆርጠው፣ በ40 ሳንቲም ልዩነት ነው የተከልነው፣ አሁን ውሻ አያሳልፍም። ወይራዎቹ ሦስቱም አሉ፣ ጉልበቴ የነበሩት ደረቴ ደርሰዋል፣ ወይራ እንደዚህ ይሮጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግራሩ ከሁሉም በለጠ፣ ጥቁር አፈር ቤቱ ነው፣ እሾሁ ግን ቀልድ አይደለም፣ ከመኪና ማቆሚያ ራቅ አድርጉት። ካላ ሊሊው በዝቶ ለጎረቤት አድያለሁ። ካናውን ግማሹን ፍልፈል ከሥሩ በላው፣ አንድ ቀን ጠዋት ቆሞ የነበረው ተክል እንደ ባንዲራ ተጋድሞ አገኘሁት፣ ጎትቼ ሳነሳው ሥር የለውም፣ ይሄ የማንም ሻጭ ጥፋት አይደለም። የሞተው ቦገንቪላ ቦታ ላይ ጥቅምት 2017 ከጋሼ ሁለት ገዝቼ፣ በሸክላ ፖት፣ ግድግዳው ሥር አድርጌ፣ በጋውን ሙሉ አበበ። ዘንድሮ ክረምት ላይ አበባው ጠፋ ግን ቅጠሉ አለ፣ ይመለሳል።

ከመጀመሪያው ቦታ የተረፈኝ ሦስቱ ሮዝመሪ፣ ሁለቱ ፋይከስ፣ ፓልሙ (ላስቲኩ ከወጣለት በኋላ ነፍስ ዘራ)፣ እና አቮካዶው። አቮካዶው ድቅል ነው በሦስት ዓመት ያፈራል ተብዬ ነው፣ ገና ነው፣ ድቅል ከሆነ ግንዱ ከታች አካባቢ የተቀጠለበት ጠባሳ ይኖረዋል፣ የኔ ላይ ፈልጌ አጣሁ፣ እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሣሩም አለ፣ አለ ስል ከልክ በላይ አለ። ኪኩዩ ነው፣ ቶሎ ይሸፍናል ሲባል እውነት ነው፣ መሸፈኑን ግን አያቆምም፣ አበባ መደቡን ወርሮ እግረኛ መንገዱን ተሻግሮ ጎረቤት ጀምሯል። ሰርዶ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ዝግ ይላል ግን በጋ ላይ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ትንሽ ጥግ ላይ ሣሩን ሳላነጥፍ ትቼ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ፣ እና ዘንድሮ መስከረም ማንም ሳይዘራው አደይ አበባ ወጣበት። ከ30 ሺህ ብሩ ሁሉ ልጄ የወደደችው እሷን ነው፣ ምን ይባላል።

ስለ ጋሼ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንዳታስቡ፣ ችግር አለባቸው። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም፣ ለድርጅት የምትገዙ ከሆነ አይሆንም። ማጓጓዣ የለም፣ እኔ በሁለት ባጃጅ ነው ያመላለስኩት፣ አንሶላ ይዛችሁ ሂዱና ሸፍኑት እንደኔ ፓልም እንዳይሆን። ዘር ይቀላቅላሉ፣ ነጭ ጽጌረዳ ብለው የሰጡኝ ቀይ ሆኖ አበበ፣ ስነግራቸው «ቀይ ምን አደረገሽ» አሉኝ። ብዙ ምርጫ የለም፣ ጃካራንዳ ጠይቄ አልነበራቸውም፣ ጥድና ዝግባ አለ ግን ገና ጣት ያክላል። ደግሞ ያወራሉ፣ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ፣ ቸኩላችሁ ከሄዳችሁ ትናደዳላችሁ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ዘግተው ይሄዳሉ፣ ሰኔ ላይ ዝናብ ከሰዓት ነው የሚመጣው ስለዚህ ጠዋት ሂዱ።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ፣ አስፋልት ዳሩ ለመስተንግዶና ለዕቃው ብዛት ከአምስት ሁለት። ለፖት፣ ለቤት ውስጥ ተክል፣ ለስጦታ የምትፈልጉ ከሆነ ሂዱ፣ እውነት ነው የምላችሁ ያምራል፣ የቤት ውስጡ ተክል ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እህቴ የገዛችው እስካሁን አለ። መሬት የሚገባ ነገር ግን አፈራችሁን ሳይጠይቅ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። ጋሼ አራት፣ አምስተኛዋን ለቀዩ ጽጌረዳ ነጥቄአቸዋለሁ። ዛፍ ለመምረጥ ያሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሲያድግ ምን እንደሚያክል ሄዳችሁ እዩ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሂዱ፣ እሱ ከራቃችሁ ያረጀ ቤተክርስቲያን ግቢ ግቡ፣ ጥድና ወይራ በሙሉ ዕድሜው ቆሞ ታያላችሁ፣ ከዛ ግቢዬ ይችለዋል ወይ በሉ። እኔ ጥዱን የተውኩት እሱን አይቼ ነው፣ 80 ካሬ ላይ ሲያድግ እኛ ነን የምንወጣለት።

ለሚቀጥለው ሰኔ ከጋሼ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ማንጎው ጉድጓድ ላይ ኮክ ወይ ፕሪም፣ ውርጩን ይችላል ብለውኛል። ችግኙን አሁኑኑ ለይተው ስሜን በጨርቅ አስረውበታል፣ የማን ስም እንደሆነ ግን ረስተው ደውለው ጠይቀውኛል፣ ስልክ መደወል እንደሚችሉ የዛን ቀን ነው ያወቅኩት። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እጠቁማችኋለሁ፣ ቦት ጫማ አድርጉ ብቻ፣ እኔ በነጭ ስኒከር ሄጄ ጫማዬን እዛው ጥዬ መጥቻለሁ።